ወንድም ከወንድሙ ከተጋደለ በኋላ፤ የእስፓንያ ታሪክ ከ1975 ወዲህ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ እስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ስንማር፣ መጽሐፋችን ነገሩን እስከ 1939 ድረስ ያመጣና ጄኔራል ፍራንኮ አሸነፈ፣ ሪፑብሊኩም ወደቀ ብሎ ምዕራፉን ይዘጋዋል። በዚያን ዕለት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ጓደኛችን እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ ገዳዩና የሟቹ ልጅ ከዚያ በኋላ ባንድ መንደር እንዴት ኖሩ?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችንም ጠመኔውን በእጃቸው እንደ ያዙ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «መልሱ ረጅም ነው፤ እናንተው ፈልጉና ለበዓሉ በሚወጣው መጽሔት ላይ ጻፉት» አሉን። እነሆ፣ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው። ዕውቀታችን አነስተኛ፣ ዕድሜያችንም ገና 18 ዓመት ስለ ሆነ፣ ስሕተት ያገኘብን አንባቢ እንዲያርመን በትሕትና እንለምናለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዛሬ ብዙ ሰው ስፔን የሚላት እስፓንያ ከእኛ እጅግ የራቀች አገር ትመስላለች። ነገር ግን ያ ጦርነት ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። ፋሽስት ኢጣልያ በሜይ 1936 አዲስ አበባን ከያዘች ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ የእስፓንያ የጦር መኮንኖች በገዛ ሪፑብሊካቸው ላይ ተነሡ። ሙሶሊኒም እጁ ከኢትዮጵያ ደም ሳይታጠብ ለፍራንኮ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች፣ መድፍና አይሮፕላን ላከለት። በማርች 1937 ጓዳላሃራ በተባለው ስፍራ የኢጣልያ ጦር ድል በሆነ ጊዜ፣ ከተማረኩት ወታደሮች አንዳንዶቹ የፈረሙት ወደ ኢትዮጵያ ሄደው ለመሥራት እንደ ነበረና ሳያስቡት እስፓንያ እንደ ወረዱ ተናግረዋል። ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብም መካከል ለኢትዮጵያ ለመዋጋት ፈልገው መንገድ ያጡ አንዳንድ ሰዎች፣ ያንኑ ጠላት እዚያ እናገኘዋለን ብለው ወደ እስፓንያ በመሄድ ለሪፑብሊኩ ተሰልፈዋል። ስለዚህ የዚህን አገር ታሪክ ስናነብ ቅድመ አያቶቻችን ከሚያውቁት ነገር እጅግ አልራቅንም።

ፍራንኮ በኤፕሪል 1939 ካሸነፈ በኋላ እስኪሞት ድረስ 36 ዓመት ገዛ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በብርድ የፒሬኔን ተራራ ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። በአገሩ ከቀረው አያሌ ሺህ ሰው ተረሸነ፤ እስር ቤቶችም ሞሉ። ከመንግሥቱ ፓርቲ በቀር ሌላ ፓርቲ ተከለከለ፤ የካታሎንያና የባስክ ሰዎች ቋንቋቸው ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ወጣ። ያገባች ሴት ያለ ባልዋ ፈቃድ በባንክ ሒሳብ መክፈት እንኳ አትችልም ነበር፤ ይህ ሕግ የተሻረው ፍራንኮ በሞተበት በ1975 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ለሐቅ ስንል አንድ ነገር መጻፍ ይገባናል። በጦርነቱ ጊዜ ንጹሕ ደም ያፈሰሰው አንዱ ወገን ብቻ አይደለም። በሪፑብሊኩ ወገን ከነበሩት መካከል የተነሡ ሰዎች ወደ 7,000 የሚጠጉ ካህናትን፣ መነኮሳትንና ደናግልን ገድለዋል። ልዩነቱ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። የአሸናፊዎቹ ሙታን ተፈልገው በክብር ተቀበሩ፣ ስማቸውም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተቀረጸ። የተሸናፊዎቹ ሙታን ግን በየመንገዱ ዳር በተጣሉበት ጉድጓድ ቀሩ፤ እናቶቻቸውም ጥቁር ለብሰው በአደባባይ ማልቀስ ይፈሩ ነበር። ፍራንኮ ከማድሪድ አጠገብ በሚገኝ ተራራ ላይ እስረኞችን ጭምር እያሠራ፣ በውስጡ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለበት፣ በላዩ 150 ሜትር የሚረዝም መስቀል የቆመበት መታሰቢያ አሠራ። ወደዚህም ስፍራ ከ33,000 በላይ ሙታን ከየመቃብሩ እየተነሡ መጡ፤ ከተሸናፊዎቹም ወገን ብዙዎች ለዘመዶቻቸው ሳይነገር ተወስደው እዚያ ተቀበሩ። አንባቢ ይህን ተራራ እንዳይረሳው፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ከ1960 በኋላ አገሪቱ መለወጥ ጀመረች። ከአንድ ሚሊዮን በላይ እስፓንያውያን ለሥራ ወደ ጀርመን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ስዊስ ሄደው ለቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ላኩ። በባሕር ዳርቻው ላይ ፀሐይ ፈላጊ ጎብኝዎች በሚሊዮን ይመጡ ጀመር፤ ፋብሪካም በዛ። ገበሬው ልጁን ዩኒቨርስቲ አስገባ። ልጁም አባቱ በጸጥታ የተሸከመውን አገዛዝ መጠየቅ ጀመረ።

ፍራንኮ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በ1969 ወራሹ ይሆኑ ዘንድ በ1931 ከአገር የወጡትን የንጉሥ አልፎንሶ 13ኛን የልጅ ልጅ ልዑል ሁዋን ካርሎስን መረጠ። እርግጠኛ ተስፋው ግን በአድሚራል ካሬሮ ብላንኮ ላይ ነበረ፤ ልዑሉ ዘውዱን ሲደፉ አድሚራሉ ሥልጣኑን እንዲይዝ ነበር ያሰበው። ሆኖም በዲሴምበር 1973 ለባስክ ነፃነት በጦር መሣሪያ የሚታገለው ኤታ የተባለ ድርጅት በማድሪድ መንገድ ሥር ዋሻ ቆፍሮ ፈንጂ አጠመደና የአድሚራሉን መኪና ከሕንፃ ጣራ በላይ ወረወረው። ኖቬምበር 20 ቀን 1975 ፍራንኮ ሞተ፤ በተራራውም ላይ ተቀበረ። ልዑሉ ከሁለት ቀን በኋላ በ37 ዓመት ዕድሜያቸው ነገሡ።

በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበሩ ጋዜጠኞች ብዙዎቹ ደም ይፈሳል ብለው ይጠብቁ ነበር። ወታደሩ ለፍራንኮ የማለ ነው። ስደተኞቹ ደግሞ ለ36 ዓመት ቂም ይዘው ቆይተዋል። ወጣቱ ንጉሥ የፍራንኮ ምርጫ ስለ ነበሩ ተቃዋሚዎቹ አላመኗቸውም፤ የፍራንኮ ሰዎችም ልባቸውን አያውቁትም። በጁላይ 1976 ንጉሡ አዶልፎ ሱዋሬዝን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሲሾሙ ደግሞ ነገሩ የባሰ መሰለ። ሱዋሬዝ የ43 ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ ከሹመቱ በፊት የዚያው የፍራንኮ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከእሳቸው ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነበር።

ብልሃቱን ያወጡት የንጉሡ የቀድሞ መምህር፣ የሕግ ሊቁ ቶርኳቶ ፈርናንዴዝ ሚራንዳ ናቸው። (መምህር ያለበትን ታሪክ መውደዳችንን አንባቢ ይቅር ይበለን።) አሳባቸው አጭር ነበረ፤ አሮጌውን ሕግ ሳንጥስ፣ በራሱ በአሮጌው ሕግ በር ወደ አዲሱ እንለፍ የሚል ነው። በዚህም መሠረት የፍራንኮ ምክር ቤት፣ ማለት ኮርቴስ፣ ሕዝብ በነፃ የሚመርጠው አዲስ ምክር ቤት እንዲቋቋም የሚያዝ ሕግ ቀረበለት። ይህን ሕግ ማጽደቅ ማለት ራሱን በገዛ እጁ መሻር ማለት ነው። ኖቬምበር 18 ቀን 1976 ድምፅ ተሰጠና 425 ደገፉ፣ 59 ተቃወሙ፣ 13 ድምፃቸውን አቀቡ። በጋዜጣ የወጣውን የሱዋሬዝን ፎቶግራፍ አይተነዋል፤ ወንበራቸውን ተደግፈው፣ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትንፋሽ ሲያወጡ ይታያል። ከሕግ አውጪዎቹ ብዙዎቹ እሺ ያሉት በአዲሱ ምክር ቤት ደግሞ እንመረጣለን ብለው ተስፋ በማድረግ ነበር። ተስፋቸው ለአብዛኞቹ ባዶ ቀረ። በዲሴምበር ሕዝቡ በውሳኔ ድምፅ ሲጠየቅ ድምፅ ከሰጠው 94 በመቶው ደገፈ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጥያቄ የኮሙኒስት ፓርቲ ጉዳይ ነበር። ፍራንኮ 36 ዓመት ሙሉ የአገሩ ሰይጣን አድርጎ ያስተማረው ይህንኑ ፓርቲ ነው። ለወታደሩም የኮሙኒስቶች መሪ የሳንቲያጎ ካሪዮ ስም የጦርነቱን ዘመን ግድያ ያስታውሰው ነበር። ካሪዮ ሰው ሠራሽ ጠጕር አጥልቀው በድብቅ ማድሪድ ገብተው ተቀምጠው በ1976 መጨረሻ ተያዙና ከጥቂት ቀን በኋላ ተፈቱ። ከዚያ በኋላ ጃኑዋሪ 24 ቀን 1977 ማታ፣ ጠመንጃ የያዙ የቀኝ ወገን ሰዎች በማድሪድ አቶቻ በሚባል መንገድ ወዳለው የሠራተኞች ጠበቆች ቢሮ ገብተው አምስት ሰው ገደሉ። ሟቾቹ ከኮሙኒስቶች ወገን ነበሩ። አገሪቱ ትንፋሽዋን ያዘች፤ አሁን በቀል ይጀመራል ተባለ። ነገር ግን በቀብሩ ዕለት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሣ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ አንድም ድንጋይ ሳይወረውር በከተማይቱ መካከል አለፈ። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ታላላቅ ቀኖች አንዱ ይህ የዝምታ ቀን ነው። ንግግር ያደረገ መሪ የለበትም፤ የተፈረመ ወረቀትም የለበትም። ሆኖም ብዙ ሰው ኮሙኒስቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጎረቤት ያያቸው በዚያን ዕለት ነበር።

ሱዋሬዝም ሁለት ወር ተኩል ቆይተው በኤፕሪል 9 ቀን 1977፣ ሚኒስትሮችና መኮንኖች ለበዓል ከከተማ በወጡበት በቅዳም ሥዑር ዕለት፣ ፓርቲውን ሕጋዊ አደረጉት። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ተቆጥተው ሥራቸውን ለቀቁ። ኮሙኒስቶቹም በበኩላቸው ዘውዱንና የድሮ ጠላታቸው የያዘውን ቀይና ብጫ ሰንደቅ ዓላማ ተቀበሉ። ብዙዎቹ አባሎች ይህን ያደረጉት እንባቸውን እየዋጡ መሆኑ አያጠራጥርም።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም ዝም ብለን ብናልፍ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። የእስፓንያ ጳጳሳት በጦርነቱ ጊዜ ፍራንኮን ባርከው ነበር። በ1971 ግን ጳጳሳትና ካህናት በአንድነት ተሰብስበው ሳለ፣ በጦርነቱ ጊዜ በወንድማማቾች መካከል የእርቅ አገልጋዮች ስላልሆንን ይቅርታ እንጠይቅ የሚል አሳብ ቀረበ። አሳቡ ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኘ፤ ነገር ግን ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ አልጸደቀም። ቢሆንም ቃሉ አንድ ጊዜ ከአፍ ወጥቷል። የማድሪዱ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ታራንኮን ይህን መንገድ በመምራታቸው በካሬሮ ብላንኮ ቀብር ላይ የቀኝ ወገን ሰዎች ይረሸኑ እያሉ ጮኹባቸው። እሳቸው ግን ንጉሡ ሲነግሡ በፊታቸው ቆመው የሁሉ እስፓንያውያን ንጉሥ ይሁኑ ብለው ሰበኩ።

ጁን 15 ቀን 1977 ከ41 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነፃ ምርጫ ተደረገ። የሱዋሬዝ ማዕከላዊ ወገን አንደኛ፣ የፌሊፔ ጎንዛሌዝ ሶሻሊስት ፓርቲ ሁለተኛ ሆነ። ያን ያህል የተፈሩት ኮሙኒስቶች ከመቶ አሥር እንኳ አልሞላቸውም፤ የፍራንኮ ናፋቂዎችም እንደዚሁ። በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ ከ20 በመቶ በላይ ወጥቶ ሕዝቡ ተጨንቆ ስለ ነበር፣ ፓርቲዎቹ ሁሉ በኦክቶበር ሞንክሎዋ በተባለው ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪውን እንዲገታ፣ መንግሥትም ግብሩንና ማኅበራዊ ሕጉን እንዲያሻሽል ተስማሙ። በ1939 ተሰደው ከነበሩት አንዱ፣ የካታሎንያ መንግሥት ፕሬዚዳንት የተባሉት ሽማግሌው ታራዴያስ፣ በዚሁ ወር ወደ ባርሴሎና ተመለሱ።

በኦክቶበር 1977 ደግሞ የምሕረት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የፖለቲካ እስረኞች ተፈቱ፤ በዚያው ሕግ የፍራንኮ ፖሊሶችና ሹማምንት የሠሩት በደል ሁሉ እንዳይጠየቅ ሆነ። ምሕረቱን አጥብቀው የፈለጉት ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው መሆናቸውን ስናነብ ተገርመናል። አያሌ ዓመት የታሰሩት የሠራተኞች መሪ ማርሴሊኖ ካማቾ በምክር ቤቱ ቆመው፣ ወገኖቻቸው ሙታናቸውንም ቂማቸውንም እንደ ቀበሩ ተናገሩ። የእኛ ሰው ሆድ ይፍጀው እንደሚለው ነው። የሚያሳዝነው ግን ሙታኑ በእርግጥ አልተቀበሩም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። ከልዩ ልዩ ወገን የተመረጡ ሰባት ሰዎች ረቂቁን አዘጋጁ፤ ከነዚህም አንዱ የፍራንኮ ሚኒስትር የነበሩ፣ አንዱ ኮሙኒስት፣ አንዱም የካታሎንያ ሰው ነበሩ። ዲሴምበር 6 ቀን 1978 ሕዝቡ 88 በመቶ በሆነ ድምፅ ተቀበለው። ንጉሥ የሚነግሥባት እንጂ የማይገዛባት፣ ሁሉም ሃይማኖት ነፃ የሆነባት፣ በየክፍሉ የራስ አስተዳደር ያላት አገር ተቋቋመች፤ ዛሬ 17 ራስ ገዝ ክፍሎች አሏት። የሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ ባንድ አፍ የእስፓንያ ሕዝብ የማይከፈል ነው ይልና በዚያው ዓረፍተ ነገር በውስጧ ላሉት ብሔረሰቦች የራስ አስተዳደር መብት ይሰጣል። ሕግ አዋቂዎች ይህን ጥበብ ይሉታል። እኛ ግን ሁለት ሰዎች ላለመጣላት ሲሉ እያንዳንዱ እንደሚወደው አድርጎ የሚያነበው ውል መሰለን። የጥሉን ቀን አራዝሞታል፤ በ2017 ግን መጣ።

ከዚያ በፊት ግን ሁሉ ነገር ባንድ ሌሊት ሊጠፋ ነበር። ኤታ መግደሉን አላቆመም፤ በ1980 ብቻ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም ብዙዎቹ መኮንኖችና ፖሊሶች ስለ ነበሩ ወታደሩ ተቈጣ። ሱዋሬዝም የገዛ ወገናቸው ሳይቀር ተነሥቶባቸው በጃኑዋሪ 1981 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ምክር ቤቱ በአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ላይ ድምፅ በመስጠት ላይ ሳለ፣ ሌተና ኮሎኔል ቴሄሮ የተባለ የጦር ፖሊስ መኮንን ሽጉጡን ይዞ ከ200 ገደማ ጠመንጃ ያዦች ጋር ገባና ሁሉም እንዲተኛ አዘዘ። ጣራው ላይ ተተኰሰ። ከ350 የሕዝብ እንደራሴዎች ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም ከወንበራቸው ሥር ገቡ።

ያልተኙትን ሦስቱን ሰዎች እንጥራ። አንደኛው ሱዋሬዝ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ቀሩ። ሁለተኛው ምክትላቸው ጄኔራል ጉቲዬሬዝ ሜያዶ ናቸው፤ የ68 ዓመት ሽማግሌ ሲሆኑ ተነሥተው ወደ ወታደሮቹ በመሄድ መሣሪያ አውርዱ ብለው አዘዙ፤ ቴሄሮ ጠልፎ ሊጥላቸው ቢታገል እንኳ አልወደቁም። ሦስተኛው ሲጋራቸውን ይዘው የተቀመጡት ካሪዮ ናቸው። እንግዲህ አንባቢ ይመልከት፤ አንዱ የፍራንኮ ፓርቲ ጸሐፊ፣ አንዱ በጦርነቱ ለፍራንኮ የተዋጉ መኮንን፣ አንዱ በዚያው ጦርነት የተዋጓቸው ኮሙኒስት። ጄኔራሉና ካሪዮ በ1936 በማድሪድ በጠላትነት የተፈላለጉ ወገኖች ሰዎች ነበሩ፤ በዚያች ሌሊት ግን ባንድ ክፍል ውስጥ ታስረው ሞታቸውን አብረው ጠበቁ። ለጓደኛችን ጥያቄ ፍለጋ ስንጀምር መልሱን ያገኘን የመሰለን እዚህ ላይ ነበር።

በቫሌንሲያ ታንኮች መንገድ ላይ ወጡ። ሕዝቡ በየቤቱ ራዲዮ ከፍቶ ሌሊቱን ሙሉ አዳመጠ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ንጉሡ የጦር አዛዥነታቸውን ዩኒፎርም ለብሰው በቴሌቪዥን ታዩና ዘውዱ ሕገ መንግሥቱን በኃይል ለማፍረስ የሚደረገውን ሥራ እንደማይታገሥ ተናገሩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ቴሄሮ እጁን ሰጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ በማድሪድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ለዴሞክራሲ ሰልፍ ወጣ። የጥይቱ ቀዳዳ በምክር ቤቱ ጣራ ላይ ሳይደፈን ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት እናልፋለን፤ ሰላም ያለበት ዘመን ለጸሐፊ ብዙ አይሰጥምና። በኦክቶበር 1982 ሶሻሊስቶች ከ350 ወንበር 202 አግኝተው የ40 ዓመቱ ጎንዛሌዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ የ1939 ተሸናፊዎች በካርድ ተመልሰው ገቡ፤ ወታደሩም ሰላምታ ሰጣቸው። በጃኑዋሪ 1986 አገሪቱ ከፖርቱጋል ጋር የአውሮፓ ማኅበር አባል ሆነች፤ መንገዱና ባቡሩም ተሠራ። በ1992 በሴቪያ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ በባርሴሎና የኦሊምፒክ ጨዋታ ተደረገ። እኛ ባንወለድም ወላጆቻችን ያን ዓመት ያስታውሱታል፤ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩት በዚያች በባርሴሎና ነው።

ነገር ግን የጎንዛሌዝም ዘመን ነውር አለበት። ከ1983 እስከ 1987 ጋል የሚባል ስውር ቡድን ኤታ ናቸው ያላቸውን 27 ሰዎች ገደለ፤ ከሟቾቹም አንዳንዶቹ ከኤታ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም። ኋላም የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ከዚሁ ቡድን ጋር በተያያዘ ጠለፋ በ1998 ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ኤታ ራሱ በጠቅላላው ከ800 በላይ ሰዎች ገድሏል። ሕዝቡ ፈጽሞ የተለየው በጁላይ 1997 ነው። ሚጌል አንኼል ብላንኮ የሚባል የ29 ዓመት የኤርሙዋ ከተማ ምክር ቤት አባል ጠልፎ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ እስረኞቻችን ወደ ባስክ አገር ካልተዛወሩ እገድለዋለሁ አለ፤ ገደለውም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በየከተማው ወጣ፤ በባስክም አገር ራሱ ፈርቶ ዝም ይል የነበረ ሰው ደጁን ከፍቶ ወጣ። ድርጅቱ በ2011 የጦር መሣሪያ ትግሉን ማቆሙን አስታወቀ፤ በ2018 ፈረሰ። በማርች 11 ቀን 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ የደረሰው ፍንዳታ ግን የኤታ አልነበረም፤ የአልቃይዳን መንገድ የተከተሉ ሰዎች ከ190 በላይ ሰው ገደሉ። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥት ኤታ ነው እያለ በመጽናቱ ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው ምርጫ ተሸነፈ።

የኑሮውም ለውጥ ከፖለቲካው ያላነሰ ነው። ፍቺ በ1981 ተፈቀደ፤ ጳጳሳቱ ቢቃወሙም በ2005 የተመሳሳይ ፆታ ሰዎች ጋብቻ ሕጋዊ ሆነ። በ2008 የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ካርሜ ቻኮን የሰባት ወር እርጉዝ ሳሉ የክብር ዘቡን ሲጐበኙ ታዩ፤ እናታቸው ወጣት ሳለች ያለ ባል ፈቃድ የባንክ ሒሳብ በማይከፈትበት አገር! ልጆቹን ለሥራ ወደ ጀርመን ይልክ የነበረው አገር አሁን ስደተኛ ተቀባይ ሆነ። በ2000 ገደማ ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች በአሥር ዓመት ውስጥ ከአምስት ሚሊዮን በለጡ። በ2008 የቤት ሥራው ንግድ ሲወድቅ ግን ችግር መጣ። በ2013 ከሠራተኛው ከ26 በመቶ በላይ ሥራ ፈታ፤ ከ25 ዓመት በታች ካሉት ግማሽ የሚበልጡት። በሜይ 2011 ወጣቶች በማድሪድ አደባባይ ድንኳን ተክለው አባቶቻቸው ስለሚያመሰግኑት ስምምነት ጥያቄ አነሡ። ንጉሡም በዚሁ የችግር ዘመን በ2012 ቦትስዋና ዝሆን ለማደን ሄደው በመገኘታቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2014 ዘውዱን ለልጃቸው ለፊሊፔ 6ኛ ለቀቁ፤ በ2020 የገንዘብ ነገር ተነሥቶባቸው ወደ አቡ ዳቢ ሄዱ። የ1981ዱን ሌሊት ለምናስታውስ ይህ ማንበቢያው የሚከብድ ገጽ ነው። የካታሎንያ መሪዎችም ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ፍርድ ቤት የከለከለውን የመገንጠል ድምፅ አስደረጉ፤ ፖሊስ ሕዝቡን ደበደበ፤ ዘጠኝ መሪዎች በ2019 ከ9 እስከ 13 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2021 ይቅርታ ተደረገላቸው፤ በ2024ም ሌላ የምሕረት ሕግ ወጣ። በ1977ቱ ምሕረት አብዛኛው ተቃቅፎ ነበር፤ በዚህኛው ግን አገሩ ለሁለት ተከፈለ።

አሁን ወደ ሙታኑ እንመለስ። በኦክቶበር 2000 ፕሪያራንሳ በምትባል የሰሜን መንደር አንድ ጋዜጠኛ በ1936 የተረሸነውን አያቱን ፈልጎ የመንገድ ዳር ጉድጓድ አስቆፈረ። የአሥራ ሦስት ሰዎች ዐፅም ወጣ። ይህ በተሰማ ጊዜ ከየአገሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች የኔም አባት፣ የኔም ወንድም እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። ሳይቀበሩ የቀሩት ከ100,000 እንደሚበልጡ ይገመታል። በ2007 መንግሥት ለፈላጊዎቹ ርዳታ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። በ2008 ዳኛ ጋርሶን ወንጀሉን ልመርምር ቢሉ በ1977ቱ የምሕረት ሕግ ምክንያት ራሳቸው ተከሰሱ፤ በዚህ ነገር በ2012 ነፃ ወጡ። ኦክቶበር 24 ቀን 2019 የፍራንኮ ሬሳ ሣጥን ከተራራው ወጣና ዘመዶቹ ተሸክመው፣ በሄሊኮፕተር ሚስቱ ወደተቀበረችበት መቃብር ተወሰደ። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ሙታኑን የመፈለግ ኃላፊነት የመንግሥት ነው አለ።

በዚህ ላይ እኛ አልተስማማንም፤ ሳንስማማም ጻፍነው። ከፊላችን «ሙት ወቃሽ አትሁን ተብሏል፤ በ1977 ዝም ባይሉ ኖሮ የ1981ዱን ሌሊት አይሻገሩም ነበር፤ ቍስሉን ለምን ይነካኩታል?» አለ። ሌሎቻችን ደግሞ «ዝም ያለው ገዳዩ አይደለም፤ እንዲችል የተጠየቀው የሟች ልጅ ነው፤ የአባቱን ዐፅም መሬት ማልበስ የፈለገ ሰው ቂመኛ አይባልም» አልን። ጥያቄውን ያነሣው ጓደኛችን ግን በክርክሩ አልገባም። ፕሪያራንሳ ስለ ወጣው ዐፅም ብቻ ደጋግሞ ጠየቀን። የጋዜጠኛው አያት በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ተለይተው ከታወቁ በኋላ በ2003፣ ከሞቱ ከ67 ዓመት በኋላ፣ ከሚስታቸው አጠገብ ተቀብረዋል።